ስለ ኦክሲጅን ሲሊንደር ደጋግመው የሚጠይቁን፦ ከራስ ዳሽን እስከ ጉድጓድ

ሱቃችን በሜክሲኮ አደባባይና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መካከል ስለሆነ አብዛኛው ደንበኛችን ቤቱ የሚያስታምመው ሰው ያለው ነው። ግን ብየዳ ቤት ያለውም ይመጣል፤ ተራራ ሊወጣ የተነሣም ይመጣል፤ «ዳሎል ስሄድ ልያዝ ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው ይለያይ እንጂ ከሥሩ ያለው ግምት አንድ ነው፦ አየር ባስቸገረበት ቦታ ሁሉ መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው የሚል። ግምቱ በግማሽ ትክክል ነው። ኦክሲጅን ነፍስ የሚያተርፍበት ቦታ አለ፤ ያው ኦክሲጅን ሰው የሚገድልበትም አለ። በጀርባ ተሸክመው የሚታዩት ሲሊንደሮች ብዙዎቹም በውስጣቸው ንጹሕ ኦክሲጅን የለም።

ከፍታ ላይ ኦክሲጅን ያንሳል ሲባል ምን ማለት ነው?

መቶኛው አይለወጥም። ምጽዋም ሆነ ራስ ዳሽን አናት ላይ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅንም አብሮ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እኛ ለምደነዋል። ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ግን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ያለከልካል።

ግፊት የምትለዋን ነገር ይያዙልን፤ ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ እሷ ላይ ይቆማል።

ራስ ዳሽን ልወጣ ነው። ሲሊንደር ላከራይ?

ብናከራይዎ ደስ ይለናል፤ ግን አያስፈልግዎትም። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ግፊት ከባሕር ጠረፉ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ጤነኛ ሰው ቀስ እያለ ከወጣ ሰውነቱ ይለምደዋል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ደግሞ ከወዲሁ ግማሹን ለምዷል ማለት ይቻላል። ችግር የሚመጣው ሁለት ቀን ቆጥቦ በአንዴ ሽቅብ ለሚሮጠው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከጀመረዎት ከዚያ በላይ አይውጡ። ካልተሻለዎት ይውረዱ። ሚዛን መሳት፣ ግራ መጋባት ወይም ቁጭ ብለውም የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ካለ ሌሊትም ቢሆን ይውረዱ። ከፍታ ላመመው ሰው ኦክሲጅን እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ይገዛለታል እንጂ መውረዱን አያስቀርለትም።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይጨርሱ፤ በሱቅ መስኮት የሚወሰን አይደለም።

ታዲያ ኤቨረስት የሚወጡት ለምን ይይዛሉ?

ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው። አናቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ከ8,000 ሜትር በላይ ደግሞ ሰውነት መልመዱን ትቶ መክሳት ይጀምራል። ስለዚህ አብዛኛው ተራራ ወጪ ኦክሲጅን ይዞ ይሄዳል። በኤቨረስት ላይ ኦክሲጅን የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ ግንቦት 29 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. አናቱን የረገጡት ኦክሲጅን እየሳቡ ነበር። ያለ ኦክሲጅን አይሞከርም ሲባል ኖሮ በ1978 ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃበለር ያለ ምንም ሲሊንደር ወጥተው ወረዱ። ያንን ያየ ሁሉ ግን ሲሊንደሩን አልጣለም፤ ዛሬም ያለ ኦክሲጅን የሚወጣው ጥቂቱ ነው።

ተራራ ላይ የተለመደው ሲሊንደር ከኛው በጣም ያነሰ ነው፦ 4 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ቀላል፣ እስከ 300 ባር የሚሞላ (አንድ ባር የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት ያህል ነው)። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 4 ሊትር በ300 ሲባዛ 1,200 ሊትር ጋዝ ይሆናል። በደቂቃ 2 ሊትር ከተለቀቀ 10 ሰዓት፣ 4 ሊትር ከተለቀቀ 5 ሰዓት። አናቱ ሥር ሰልፍ ተይዞ ሰዎች ሲቆሙ አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እግር ቢቆምም ሲሊንደሩ መፍሰሱን አያቆምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለበረዶ አገር የሚሞላ ኦክሲጅን እርጥበት ሊኖረው አይገባም። ጥቂት ጠብታ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መሣሪያ) ውስጥ ከቀዘቀዘች መንገዱን ትዘጋዋለች። ለአብራሪዎች የሚሞላውም እንደዚሁ በጣም ደረቅ መሆን አለበት።

እንጦጦ ላይ ለመሮጥ በቆርቆሮ የሚሸጠው ኦክሲጅን ይጠቅማል?

አትሌቶቹ እንጦጦና ሱሉልታ የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሰውነታቸው ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል እንዲያመርት። ቆርቆሮ ይዞ መውጣት ያንኑ መሻር ነው። ቆርቆሮው የሚይዘውም ጥቂት ሊትር ስለሆነ በሩጫ ላይ ላለ ሰው ትንፋሽ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። አንሸጠውም።

ዳሎልና ኤርታሌስ?

እዚህ ላይ ሰው ይገረማል። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክሲጅን ከሜክሲኮ አደባባይ ይበልጣል። የሚያስቸግረው ሙቀቱና ጋዙ ነው። ለሙቀት ውኃና ጥላ እንጂ ሲሊንደር አይረዳም። ኤርታሌ አፋፍ ላይ ጉሮሮ የሚከረክረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለሱ የሚሆነው የአሲድ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መቆም ነው።

በዳሎል አካባቢ ካሉ ኩሬዎች አንዳንዶቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋሉ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ጊዜ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል፤ ሽታም የለውም። ማጣሪያ ጭንብል ኦክሲጅን አይፈጥርም፤ ጋዙ ባለበት ጉድጓዳ ሥፍራ አያድንም። መሪዎ «እዚህ አትጎንበስ» ካለዎት አይጎንበሱ።

ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ኦክሲጅን ብንለቅበት?

ይህ ጥያቄ ከኤቨረስቱ ሁሉ የበለጠ ይመለከተናል፤ ስለዚህ ረዘም እናደርገዋለን።

አዲስ አበባ ውስጥ አስከፊው የአየር አካባቢ ያለው ግቢያችን ውስጥ ነው፦ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የቆየ የውኃ ጉድጓድ፣ የተዘጋ ታንከር። እዚያ ውስጥ የሚበሰብሰው ነገር ኦክሲጅኑን ይበላዋል፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይተካል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚገድል «ሽታው ለቀቀ» ያለ ሰው ያን ጊዜ ነው የሚወድቀው። ኦክሲጅኑ ከ10 በመቶ በታች በወረደበት ጉድጓድ የገባ ሰው ደግሞ «ወጥቼ ልተንፍስ» ብሎ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ከዚያ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ ይወድቃል፤ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፤ ጎረቤት ሦስተኛ ይሆናል። በየአገሩ በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡት ናቸው።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፦ ኦክሲጅን አይልቀቁ። ሚቴን ባለበት ጉድጓድ ንጹሕ ኦክሲጅን መጨመር ለእሳት ማዘጋጀት ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የሆስፒታል ጭንብል አጥልቆ ትንሽ ሲሊንደር አንጠልጥሎ መግባትም አይሆንም። ያ ጭንብል ፊት ላይ አይገጥምም፤ በጎንና በቀዳዳው የውጭውን አየር ይስባል፤ የሚስቡት አየር ደግሞ ያው መርዙ ነው። በገመድ ታስሮ፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ጭንብልና የአየር ሲሊንደር ያለው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። በ939 እሳትና ድንገተኛ አደጋን ይጥሩ፤ እስኪደርሱ ከላይ ሆነው ንጹሕ አየር በነፋሻ ወደ ውስጥ ይግፉ፤ ሲጋራም ሻማም አያቅርቡ። ሰውዬው ገመድ ታስሮ ከነበረ በገመዱ ይሳቡት። ካልታሰረ አይግቡ። ይህን መስማት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን።

እሳት አደጋ ሠራተኞች ጀርባ ላይ ያለው ኦክሲጅን አይደለም?

አይደለም፤ የታመቀ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን ይዞ ወደ እሳት መግባት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ 6.8 ሊትር ሆኖ እስከ 300 ባር ይሞላል፤ 2,000 ሊትር አየር ያህል ነው። ደረጃ የሚወጣና ቱቦ የሚጎትት ሰው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጀዋል። አየሩ ሊያልቅ ሲል ፉጨት ይጀምራል፤ የመውጫ ሰዓት ነው።

የማዕድን ጉድጓድ ነፍስ አዳኞች ግን እውነተኛ ኦክሲጅን ይይዛሉ። መሣሪያቸው የወጣውን ትንፋሽ ወደ ውጭ አይጥለውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በኬሚካል አጣርቶ፣ የጎደለውን ኦክሲጅን ብቻ ከትንሽ ሲሊንደር ጨምሮ መልሶ ያስተነፍሳል። በዚህ ዘዴ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር አራት ሰዓት ታሠራለች። ጠላቂ ሰርጓጅ ወታደሮችም ቀደም ብለው የተጠቀሙት ይህንኑ ነበር፤ አረፋ ስለማይወጣው ከላይ ሆኖ የሚያይ አያገኛቸውም።

ለውኃ ውስጥ ጠለቃ ትሞላላችሁ?

አንሞላም፤ ሌላ ቦታም ኦክሲጅን አያስሞሉ። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. ከሠሩት መሣሪያ ጀምሮ ተራ ጠላቂ ጀርባው ላይ ያለው የተጣራ አየር ነው። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ንጹሕ ኦክሲጅን ከ6 ሜትር በታች ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይሆንና ነርቭን ይመርዛል፦ ሰውዬው ሳያስበው እንደ የሚጥል በሽታ ይንቀጠቀጣል፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ አፉ ላይ ያለው ቱቦ ይወልቃል፤ ከዚያ መስመጥ ነው። ሠልጥነው በጥልቀት የሚሠሩት ኦክሲጅንን በሌላ ጋዝ ያቀጥኑታል፤ ንጹሑን የሚስቡት ከጥልቁ ሲመለሱ፣ 6 ሜትር ላይ ወይም ከዚያ ወደ ውኃው ገጽ ቀርበው ቆመው ናይትሮጅን ከደማቸው እንዲወጣ ሲጠብቁ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሁለት የተለየ ነገር አለ። ቢሾፍቱ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው ለባሕር የተሠራውን የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ እንዳለ አይጠቀምበት፤ ሐይቁ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ መስተካከል አለበት። ጅቡቲ ጠልቆ ወደ ቤቱ የሚመለስም ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመከራል። ሌላ አገር ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ጠረፍ ግፊት ይመለሳል። እኛ ቦሌ ወርደንም ከፍታ ላይ ነን፤ ስለዚህ ሰዓቱን ቢያረዝሙት ይመረጣል።

አውሮፕላን ውስጥ የሚወርደው ጭንብል ሲሊንደር አለው?

በብዙዎቹ የለውም። ጭንብሉን ሲስቡት ከራስዎ በላይ ያለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሶዲየም ክሎሬት የተባለ ኬሚካል ይቀጣጠልና ኦክሲጅን ያመነጫል። የተቃጠለ ሽታ ቢሸትዎት አይደንግጡ። 12 ደቂቃና ከዚያ ጥቂት በላይ ይቆያል፤ አብራሪው ወደ 3,000 ሜትር እስኪወርድ ይበቃል። በቦይንግ 787 (ድሪምላይነር) ግን ትንንሽ የጋዝ ሲሊንደሮች አሉ፤ አብራሪዎቹም የራሳቸው ሲሊንደር አላቸው። «መጀመሪያ ለራስዎ ያጥልቁ» የሚባለው ለወግ አይደለም። በ10,000 ሜትር ከፍታ ያለ ጭንብል አእምሮ የሚሠራው ለአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው።

ያቺው ኬሚካል ሣጥን ያለ አግባብ ከተጫነች ምን እንደምታደርግ ግንቦት 11 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ታይቷል። በጭነት ክፍሉ የገቡት የኦክሲጅን ማመንጫዎች ተቀጣጥለው የቫልዩጄት አውሮፕላን ወደቀ፤ 110 ሰዎች ሞቱ።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ አውሮፕላኖች በረራ ላይ የክፍላቸውን አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ያሳሱታል፤ ማለት አዲስ አበባን ያደርጉታል። ድሪምላይነሩ 1,800 ሜትር ላይ ስለሚይዘው ቦሌ ሊያርፍ ሲል የክፍሉ አየር እየሳሳ ይመጣል። ሌላ ከተማ ሲያርፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው።

በኦክሲጅን ለሚታገዝ ሕመምተኛ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። የራስን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር በአብዛኛው አይፈቀድም፤ የተፈቀደ ተንቀሳቃሽ ኮንሰንትሬተር (ከአካባቢው አየር ኦክሲጅን የሚለይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ይቻላል፤ አየር መንገዱን ቀድመው ያነጋግሩ፤ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል።

ጠፈር ላይስ?

ባጭሩ፦ የጠፈር ልብስ ውስጥ ያለው ንጹሕ ኦክሲጅን ነው፤ ግፊቱ ግን የባሕር ጠረፉን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳንባ የሚያገኘው ልክ ይሆናል። ያንኑ ንጹሕ ኦክሲጅን መሬት ላይ በሙሉ ግፊት ሲሞሉት የሚሆነው በአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር በአፖሎ 1 ታይቷል፤ ጥር 27 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ሦስት ጠፈርተኞች በልምምድ ላይ ሳሉ በእሳት ሞቱ። በሚያዝያ 1970 ደግሞ አፖሎ 13 ላይ የፈነዳው ራሱ የኦክሲጅን ታንኩ ነበር።

የብየዳ ኦክሲጅን ለሕመምተኛ ይሆናል?

በያጆች ቦምቦላ የሚሉት ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ ጋር ከአንድ ምንጭ ይወጣል፤ ሁለቱም ከአየር የተለየ ኦክሲጅን ነው። የሚለያየው የሲሊንደሩ ታሪክ ነው። የብየዳው ሲሊንደር ውስጥ ምን ተመልሶ እንደገባ፣ ቫልቩ በማን እጅ እንደተነካ፣ ውስጡ ዝጎ እንደሆነ ማንም አይመሰክርም። የሕክምናው ይመረመራል፣ ይመዘገባል። በቀለም ብቻ አይመኑ፤ የቀለም ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ መለያ ወረቀቱንና ትከሻው ላይ የተመታውን የምርመራ ቀን ያንብቡ። ከሰው ለሰው የተገዛ ሲሊንደር አምጥተው «ሙሉልኝ» ቢሉን የምንመልስዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ አይቀየሙን።

የሞላሁት ስንት ሰዓት ይቆያል?

የሲሊንደሩን ሊትር በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ በሚያዩት ባር ያባዙ፤ ሐኪሙ ባዘዘው የደቂቃ ሊትር ያካፍሉ። ትልቁ 40 ሊትር በ150 ባር 6,000 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሰው 20 ሰዓት፣ 15 ለሚወስድ ግን ሰባት ሰዓት አይሞላም። ጌጁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ሌሊት የሚሞላልዎት ሰው አጥተው እንዳይቸገሩ ሲመሽ ይቁጠሩ። መብራት ሲኖር በኮንሰንትሬተር፣ ሲጠፋ በሲሊንደር የሚል ሥርዓት ለብዙ ቤት ይስማማል።

ቤት ውስጥ ምን እጠንቀቅ?

እሳት። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ሁሉ ግን እንዲነድ ያደርጋል። ጋቢና ብርድ ልብስ ውስጥ ሰርጎ ይቆያል፤ ቧንቧው ከተዘጋ በኋላም ጨርቁ ከወትሮው ፈጥኖ ይያያዛል። ስለዚህ ሕመምተኛ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሰል አያያይዙ፤ ቡናውን ሌላ ክፍል ያፍሉት፤ ዕጣኑንም እዚያው ያጢሱት። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ጧፍ አብርተው መጸለይ ይወዳሉ፤ ጸሎቱ ይሁን፣ ጧፉ ግን ከበሩ ውጪ። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድም ካለ ይህን መልስ አሳዩት።

ቅባት ሁለተኛው ነው። ቫልቩንና ሬጉሌተሩን ዘይት አይቀቡ፤ ቅቤ በነካ እጅ አይክፈቱ። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ኦክሲጅን ዘይት ካገኘ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። የሕመምተኛው ከንፈርና አፍንጫ ቢደርቅ ቫዝሊን ሳይሆን መሠረቱ ውኃ የሆነ ቅባት ይጠይቁ። ሲከፍቱም ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ በኃይል የተከፈተ ቫልቭ ውስጥ ጋዙ በድንገት ይታመቅና ይግላል።

የኦክሲጅኑን መጠንም በራስዎ አይጨምሩ። አንዳንድ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከሚገባው በላይ ኦክሲጅን ሲያገኝ በደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምበታል።

በላዳ ይዤ ልሂድ?

ትንሹን ይችላሉ፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ሬጉሌተሩ ወልቆ፣ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሲሊንደሩ እንዳይንከባለል ተደግፎ። ሹፌሩ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ትልቁ ከ50 ኪሎ በላይ ነው፤ በሰው ትከሻ ደረጃ አይወጣም። ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ግድግዳ ይበሳል፤ ስለዚህ ክዳኑ ሳይጠብቅ ከሱቃችን አይወጣም። ለሱ የራሳችንን መኪና ይጠይቁን፤ ስንት ፎቅ እንደሆነ ግን በስልክ አስቀድመው ይንገሩን።